የተመለሰ ረቂቅና የእርሳስ ምልክት

ይህ ዓምድ ልቦለድ ለመጻፍ የሚጥሩ አንባቢያን የሚልኩልንን ጥያቄ ያስተናግዳል። በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጠናል፤ የጠያቂዎቹን ስም በጥያቄያቸው መሠረት አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ ደሴ ከተማ የምኖር የ41 ዓመት የአማርኛ መምህርት ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከሥራ በተረፈኝ ሰዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ ልጆቼ ከተኙ በኋላ እየጻፍኩ፣ አንድ ረጅም ልቦለድ 340 ገጽ አድርሻለሁ። ረቂቁን ያነበቡት የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አድንቀውልኛል፤ እኅቴማ እያለቀሰች ነው የጨረሰችው። ይሁንና አዲስ አበባ ለሚገኙ ሦስት አሳታሚዎች ብሰጥ፣ አንዱ «ጥሩ ነው፤ ግን በዚህ የወረቀት ዋጋ አያዋጣም» ብሎ መለሰልኝ፤ ሁለተኛው እስከ ዛሬ ዝም እንዳለ ነው፤ ከሦስተኛው ዘንድ የተመለሰልኝ ረቂቅ ደግሞ 19ኛው ገጽ ኅዳግ ላይ በእርሳስ «እስካሁን ምንም አልተጀመረም» ተብሎ ተጽፎበት አገኘሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዕር አላነሣሁም። ማንን ልመን? በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ልጻፈው ወይስ ልተወው? የመጀመሪያዎቹን 30 ገጾች አያይዣለሁ።

መልስ፦ ውድ እኅታችን፤ የላኩልኝን 30 ገጽ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስለ ገጾቹ ከመናገሬ በፊት ግን ስለ አንባቢዎችዎ ጥቂት ልበል፤ የጥያቄዎ እምብርት «ማንን ልመን» የሚለው ነውና።

በእኛ አገር አንድ ሰው የደከመበትን ነገር አምጥቶ ሲያሳየን አፋችን ላይ ቀድሞ የሚመጣው ማበረታቻ ነው። ስድስት ዓመት የለፋችን ባልደረባ፣ ነገም በመምህራን ማረፊያ ክፍል ፊት ለፊታችን የምትቀመጥን ሰው፣ «እኔስ መሀሉ ላይ ሰልችቶኝ ተውኩት» ማለት ለብዙዎቻችን ነውር ነው። ስለዚህ «ግሩም ነው፣ በርቺ» እንላለን። ይህን ያሉዎት ሰዎች አልዋሹዎትም፤ ይወዱዎታል፣ እንዲሳካልዎትም ይመኛሉ። ነገር ግን ይሉኝታ ያለበት ምስክርነት ስለ ረቂቁ የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው። የእኅትዎም ዕንባ እውነተኛ ዕንባ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ሆኖም የልቦለዱ እናት የእናታችሁን መልክና አነጋገር የያዘች ከሆነ፣ እኅትዎ ያነበበችው ወረቀቱ ላይ ያለውንና በልቧ ያለውን አንድ ላይ አድርጋ ነው። እናታችሁን ያላየ የሐዋሳ ወይም የመቀሌ አንባቢ የሚያለቅሰው እርስዎ በጻፉት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ አሳታሚዎች እንምጣ። የሦስቱም መልስ እርስዎ ልብ ላይ አንድ ዓይነት ቁስል አድርሷል፤ የሚናገሩት ግን ሦስት የተለያየ ነገር ነው። «አያዋጣም» ያለው ነጋዴ ስለ ገንዘቡ ተናግሯል። የወረቀትና የኅትመት ዋጋ በየጊዜው በሚንርበት በዚህ ወቅት፣ ስሟ ያልታወቀ ደራሲ 340 ገጽ ይዛ ስትመጣ የሚያስበው ስንት ቅጂ ተሸጦ ወጪው እንደሚመለስ ነው፤ ይህን ማሰቡ መብቱ ነው፣ የሥነ ጽሑፍ ፍርድ ግን አይደለም። ዝም ያለው ደግሞ ምንም አልተናገረም። ረቂቁን ገልጦትም ላይሆን ይችላል፤ ዝምታውን እርስዎ በራስዎ ሐዘን ተርጉመው «አልወደደውም» ብለው አንብበውታል። ከሦስቱ ስለ ልቦለድዎ የተናገረው ባለ እርሳሱ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ከጽሑፉ ጥራት ጋር በማይገናኝ ምክንያት ረቂቅ ታፍኖ መቅረቱ በአገራችን ሥነ ጽሑፍ አዲስ ነገር አይደለም። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» በንጉሡ ዘመን ተጽፎ የሳንሱርን በር ማለፍ ስላልቻለ ለአሥርት ዓመታት በረቂቅነት ኖሯል፤ ሙሉው መጽሐፍ ለአንባቢ የበቃው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ ሕግ ቅድመ ምርመራ ከቀረ በኋላ ነው። ይህን የማነሣው የእርስዎ ረቂቅም እንደዚያው ተበድሏል ለማለት አይደለም። ረቂቅ የሚመለስበት ምክንያት ብዙ በመሆኑ፣ ራስዎን ከመውቀስዎ በፊት ምክንያቱን ለይተው ማወቅ ስለሚገባዎት ነው።

እንግዲህ ወደ ባለ እርሳሱ። ያ ሰው ጨካኝ መስሎ ታይቶዎታል፤ እኔ ግን ብርቅ የሆነ ውለታ ውሎልዎታል እላለሁ። የሰለቸው አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ ረቂቁን ዘግቶ ያስቀምጠዋል እንጂ የሰለቸበትን ገጽ ቆጥሮ ምልክት አያደርግም። እርሱ ግን እስከ 19ኛው ገጽ ድረስ አንድ ነገር ይጀመራል ብሎ በትዕግሥት ሲጠብቅ ነበር። ገጾችዎን ሳነብ የጠበቀው ነገር ከአራት ገጽ በኋላ መጥቶ አገኘሁት።

የመጀመሪያዎቹ 22 ገጾች በጦሳ ተራራ ላይ ጉሙ እንዴት እንደሚወርድ፣ የባለታሪኩ አያት ከየት ተነሥተው ደሴ እንደገቡ፣ አባቱ በየትኛው መሥሪያ ቤት ስንት ዘመን እንዳገለገሉ ይተርካሉ። አማርኛዎ ንጹሕ ነው፤ ጉሙን የገለጹበት አንቀጽ ለብቻው ቢነበብ ያምራል። ይሁንና በ22 ገጽ ውስጥ አንድም ሰው አንዳች ነገር ፈልጎ አልተንቀሳቀሰም። በ23ኛው ገጽ ባለታሪኩ በእናቱ ቀብር ማግሥት ሣጥናቸውን ከፍቶ መቀነታቸውን ያወጣል፤ መቀነቱ ላይ ሰባት ቋጠሮ ያገኛል። በስድስቱ ውስጥ ብር አለ። በሰባተኛው ውስጥ በአራት የታጠፈች ወረቀት፣ በወረቀቷ ላይ ደግሞ እርሱ ሰምቶት የማያውቀው የአንድ ሰው ስም። እዚህ ላይ ስደርስ ማስታወሻ መያዜን ትቼ ነበር፤ ያ ስም የማን እንደሆነ ለማወቅ ቸኩዬ 30ኛው ገጽ ሲያልቅብኝ ተናደድኩ። ልቦለድዎ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ይህን ስል 22ቱን ገጾች ቀድደው ይጣሉ ማለቴ አይደለም። ከእነዚያ ገጾች አንባቢው በእርግጥ የሚያስፈልገውን ቋጠሮዎቹ ሲፈቱ አብረው ይፍቱለት። በአንዱ ቋጠሮ ያለው ብር ከፈትል የተገኘ ነው፣ በሌላው ያለው ከጠላ ሽያጭ፤ አንዱ ብር ዛሬ የማይሠራ የድሮ ብር ሊሆን ይችላል፤ እናትየው ለምን ሳይመነዝሩት ቀሩ? የአያትየውም ታሪክ፣ የአባትየውም ደመወዝ በዚህ መንገድ ሲመጣ አንባቢው ፈልጎ ይቀበለዋል። ጉሙም ቢሆን ልጁ ከቀብር ሲመለስ ይውረድ።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ ከ24ኛው ገጽ ልጥቀስ። «ልቡ በሐዘን ተሰበረ፤ ዕንባውም እንደ ጎርፍ ወረደ» ብለው ጽፈዋል። ይህ ከእርስዎ በፊት እጅግ ብዙ ሰው የተጠቀመበት አነጋገር ስለሆነ ዓይን ሳያርፍበት ያልፋል። ከሦስት መስመር በታች ግን እንዲህ የሚል አለ፦ «የመጨረሻውን ቋጠሮ በጥርሱ ሊፈታው ወደ አፉ ሲያስጠጋው ቅቤ ቅቤ ሸተተው፤ መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።» ሐዘኑ በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ። ይህችን የጻፈች እጅ ያችኛዋን ለምን እንዳስቀረቻት ገባኝ፤ አንባቢው አይገባው ይሆን ብለው ፈርተዋል። አይፍሩ። የላይኛውን ዓረፍተ ነገር ይሰርዙት።

ከዚህ በኋላ ረቂቁን ለሰው ሲሰጡ አሰጣጥዎን እንዲለውጡ እመክራለሁ። «እንዴት አገኘኸው?» የሚለው ጥያቄ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። በእሱ ፈንታ «ለመጀመሪያ ጊዜ አንብበህ ያስቀመጥከው የትኛው ገጽ ላይ ደርሰህ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ይህን መመለስ ለማንም ሰው ይሉኝታ አያስይዘውም፤ እንግዳ መጣብኝ፣ መብራት ጠፋብኝ ይልዎታል፣ ገጹን ግን ይነግርዎታል። ለሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ሰጥተው ሁለቱ አንድ አካባቢ ላይ ካስቀመጡት፣ ያ አካባቢ ሕመም አለበት። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ታሪኩን በቃል እንዲያወጉልዎ ይጠይቋቸው፤ በወጉ ውስጥ ጨርሶ የማይነሣው ገጸ ባሕርይ ምናልባት ጭራሽ አያስፈልግም ይሆናል። ሲያወጉልዎ አያርሟቸው። «አይ፣ እሷ እንኳ እንዲያ ያለችው ለዚህ ነው» ማለት ሲቃጣዎት ዝም ይበሉና ይጻፉት፤ መጽሐፉ ሲሸጥ እያንዳንዱ ገዢ አጠገብ ተቀምጠው ሊያስረዱ አይችሉምና። መፍትሔ ሲሰጡዎት፣ ማለትም «ልጁን አሜሪካ ላኪው»፣ «መጨረሻው ላይ ይጋቡ» ሲሉዎት ግን አመስግነው ይለፉት፤ የሰለቻቸውን ቦታ እነርሱ ያውቁታል፣ የሚታከምበትን መንገድ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

እርሳስ የነካው ወረቀት እንዴት እንደሚያቃጥል በራሴ ደርሶብኝ አውቀዋለሁ። በ20ዎቹ ዕድሜዬ የመጀመሪያ ረቂቄን ያነበበልኝ አንድ አንጋፋ አርታኢ በየገጹ አስምሮበት ሲመልስልኝ፣ ጥቅሉን እንዳሰርኩት ከአልጋ ሥር አስገብቼ ስምንት ወር አልነካሁትም። ስከፍተው ቁጣዬ በርዶ ነበርና መስመሮቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። አብዛኛዎቹ የተሰመሩት እኔ ራሴ ስጽፍ ቅር ባለኝ፣ ነገር ግን «ማን ያስተውለዋል» ብዬ ባለፍኩት ቦታ ላይ ነበር። ስምንቱ ወር ዛሬም ይቆጨኛል። እርስዎ ብዕር ካነሡ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እንዳይረዝም እለምንዎታለሁ።

እንደገና መጻፍን በተመለከተ፣ ሁልጊዜ የማነሣው የናይጄሪያዊውን የቺኑዋ አቼቤን ነገር ነው። አቼቤ እ.ኤ.አ. በ1956 ለሥልጠና ለንደን ወደሚገኘው ቢቢሲ በሄደ ጊዜ የመጀመሪያ ልቦለዱን ረቂቅ ለደራሲው ለጊልበርት ፌልፕስ አሳየው። ፌልፕስ ወድዶት ለአሳታሚ ላቅርብልህ ሲለው፣ አቼቤ ገና ይቀረዋል ብሎ ረቂቁን ይዞ አገሩ ገባ። እስቲ ያስቡት፤ ያልታወቀ ወጣት ደራሲ የተከፈተለትን በር «ቆይ» አለ። ረቂቁ ያን ጊዜ የአንድ ቤተሰብ የሦስት ትውልድ ታሪክ ነበር፤ አቼቤ የዋናውን ባለታሪክ፣ የኦኮንኮን ታሪክ ብቻ አስቀርቶ የቀረውን አወጣውና እንደገና ጻፈው። ከዚያም በእጅ የተጻፈውን ብቸኛ ቅጂ በታይፕ እንዲመታለት ለንደን ለሚገኝ ድርጅት ከ22 ፓውንድ ጋር ላከው። ድርጅቱ ለወራት ዝም አለ። በናይጄሪያ ሬዲዮ አለቃው የነበረችው አንጄላ ቢቲ ለዕረፍት ለንደን ስትሄድ በአካል ቀርባ ባትቆጣቸው ኖሮ ረቂቁ በወደቀበት ጥግ ሊቀር ይችል ነበር። ተመትቶም ከመጣ በኋላ አሳታሚዎች የአፍሪካዊ ልቦለድ ገበያ የለውም እያሉ መለሱት። በመጨረሻ ሃይነማን ተቀብሎ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1958 «ቲንግስ ፎል አፓርት» በሚል ርእስ 2,000 ቅጂ አሳተመው፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። ቆርጦ ያወጣውም አልባከነም፤ የኦኮንኮ የልጅ ልጅ ታሪክ ከሁለት ዓመት በኋላ ራሱን ችሎ ሁለተኛው ልቦለዱ ሆነ። የእርስዎም 22 ገጽ አንድ ቀን የአያትየው መጽሐፍ ይሆን ይሆናል።

ስለ ዕድሜዎ የጠየቁትን ለመመለስ ብዙ ቃል አያስፈልገኝም። ሀዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ ልቦለዱን አይተዉት፤ በ23ኛው ገጽ ጀምረው እንደገና ይጻፉት። ባለ እርሳሱ የሚሠራበትን አሳታሚ አድራሻም አይጣሉት። አዲሱ ረቂቅ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እርሱ ነው፤ ከላዩም «በ19ኛው ገጽ ላይ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ» የምትል አንድ መስመር ያስቀድሙ።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነው የምጽፍልዎ። ልቦለዴን ለሰው አሳይቼ አስተያየት መቀበል እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ታሪኬን ሰርቀው በስማቸው ቢያወጡትስ ብዬ እፈራለሁ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ፍርሃትዎ ይገባኛል፤ ሆኖም ማንም ያላነበበው ረቂቅ ከሚሰረቅ ይልቅ ሳይታረም መታተሙ የበለጠ ያሰጋኛል። ሕጉም ከጎንዎ ነው። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ወጥ የሆነ ሥራ በጽሑፍ ከሰፈረበት ጊዜ ጀምሮ፣ ባይታተምም ባይመዘገብም፣ ጥበቃ ያገኛል፤ የኢኮኖሚ መብቱም በደራሲው ዕድሜ ልክና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። የሚጠበቀው ግን የጻፉት ጽሑፍ ነው እንጂ ሐሳቡ ብቻውን አይደለም፤ «የአንድ ወታደር ልጅ አባቱን ይፈልጋል» የሚለውን ሐሳብ ሌላ ሰውም በራሱ መንገድ ሊጽፈው ይችላል። ለማስረጃ ያህል በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ይቻላል። ከዚህ ውጭ ለማን፣ መቼ፣ ስንት ገጽ እንደሰጡ በደብተር ይመዝግቡ፤ ረቂቁንም በአንድ ፍላሽ ብቻ አያኑሩት፣ ለራስዎ በኢሜይል ይላኩት። በላይኛው መልስ ስለ ብቸኛ ቅጂ የተነገረውን ልብ ይበሉ።

ጥያቄ፦ ቤይሩት በቤት ሠራተኝነት ስምንት ዓመት ኖሬ ተመልሻለሁ። ማታ ማታ በስልኬ የጻፍኩትን በአራት ደብተር ገልብጬ ልቦለድ አድርጌዋለሁ። አዲስ አበባ ለሚኖር አንድ የሥነ ጽሑፍ ሰው ባስነብበው «ይህ ማስታወሻ እንጂ ልቦለድ አይደለም» አለኝ። በጣም አዘንኩ፤ የኖርኩት ስቃይ ለመጽሐፍ አይበቃም ማለት ነው? አራተኛውን ደብተር ልኬልዎታለሁ።

መልስ፦ እኅቴ፤ ሰውየው ሕይወትዎን አልናቀም፤ የጽሑፉን ዓይነት ነው የነገረዎት፣ በአጭሩ መናገሩ ግን እንደሚያስከፋ አምናለሁ። ማስታወሻ ከልቦለድ የሚያንስ ጽሑፍ አይደለም። የሆነውን ሁሉ እንደሆነ ለመመስከር ከፈለጉ ግለ ታሪክ ብለው ያውጡት፤ እንዲህ ያለውን ምስክርነት የሚፈልግ አንባቢ ብዙ ነው። ልቦለድ ይሁን ካሉ ግን አንድ ከባድ ነገር ይጠበቅብዎታል። በደብተርዎ ውስጥ «እኔ» የምትለዋ ሴት ሁሉ ነገር ይደረግባታል፤ እርሷ ስትመርጥ፣ ስትሳሳት፣ ስትመኝ፣ ስታታልልም ቢሆን አላየኋትም። እመቤቲቱም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክፉ ብቻ ናት። በእውነት እንደዚያው ሊሆን ይችላል፤ እኔ ያልኖርኩትን ኑሮ ልክድብዎ አልችልም። ነገር ግን አንባቢው ሁለቱን ሴቶች እንደ ሰው ካላወቃቸው ስቃዩን ያውቃል እንጂ አይሰማውም።

ይህን ማድረግ እንደሚችሉ ያወቅሁት ከደብተርዎ ከራሱ ነው። መካከሉ አካባቢ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጠቅሰው ያለፉት ነገር አለ፦ የእመቤቲቱ አሮጊት እናት፣ ማስታወስ ያቆሙት፣ እርስዎን በሞተች ልጃቸው ስም ይጠሩዎት ነበር፤ «እኔም አቤት እላለሁ» ብለው ጽፈው ወደ ደመወዝዎ ጉዳይ ተሻግረዋል። ያንን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ብዙ ጊዜ ቆየሁበት። ያቺ ሴት የማታውቀውን ስም ተቀብላ «አቤት» ስትል ከርኅራኄ ነው ወይስ ከድካም? ከሟቿ ልጅ ልብስ አንዱን ሰጥተዋት ይሆን? እመቤቲቱ የእኅቷን ስም ከበር ኋላ ስትሰማ ምን አደረገች? በዚያች ሰዓት ሁለቱ ሴቶች በአንዲት ሟች ምክንያት ዓይን ለዓይን ተያይተው ከነበረ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጭካኔም ሌላ ክብደት ይኖረዋል።

አራቱን ደብተሮች ለጊዜው ያስቀምጧቸውና ይህን አንድ ትዕይንት በአሥር ገጽ ጽፈው ይላኩልኝ። ክፍሉ ምን ይመስል እንደነበር፣ አሮጊቷ የት ይቀመጡ እንደነበር፣ ስሙንም እርሳቸው እንደሚጠሩት አድርገው ይጻፉት። «አቤት» ያሉት በአማርኛ ነበር ወይስ በዐረብኛ? እርሱንም ይንገሩኝ።